ለኮሌጅ ተማሪ የሚገዛ ሞተር

«ልጅ ኮሌጅ ገባ» የሚለው የምሥራች በተሰማ ማግስት በየቤቱ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «በምን ይመላለስ?» የሚለው ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም ነበር። ኮሌጅ መግባት ማለት ከቤት ርቆ መሄድ ስለ ነበረ ተማሪው ሻንጣውን አንጠልጥሎ በአውቶቡስ ወይም በባቡር ይሄዳል፤ የሚመለሰውም ለክረምት ዕረፍት ነው። ዛሬ ግን ኮሌጁ ራሱ ወደ ቤት ቀርቧል። ምዕራብ ሐረርጌን ብቻ ብንመለከት፣ ብዙዎቻችን አሰበ ተፈሪ እያልን በምንጠራት በጭሮ ከተማ የመምህራን ኮሌጅ አለ፤ ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የነበረው ግቢም ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ራሱን ችሏል። በአሰቦት፣ በሚኤሶ፣ በሂርና ወይም በበዴሳ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸውን ጭሮ እያስተማሩ ማታ ማታ በቤታቸው ለማሳደር ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

በአሰቦት ዋናው መንገድ ዳር ሻይና ቁርስ እየሸጡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት፣ ስማቸው እንዳይጻፍ አስጠንቅቀው፣ ያሳሰባቸውን ጉዳይ እንዲህ ሲሉ አጫውተውኛል። «ልጄ፣ የመጀመሪያው ልጄ ጭሮ ነው የሚማረው። ሞተር ካልገዛሽልኝ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ። ጓደኞቹ አላቸው አሉ። ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣልኛል፤ እሱን ልስጠው ወይስ ልተወው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ።»

እኔም «እትዬ፣ ዕቁቡ ቢወጣልዎትም ትንሽ ይቆዩ» አልኋቸው። ለምን እንዲቆዩ እንደ መከርሁና፣ መግዛቱ የግድ ከሆነ ደግሞ ምን አይቶ መግዛት እንደሚገባ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ላለባችሁ እናቶችና ሠራተኞች ሁሉ በዚህ ዓምድ ለማብራራት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ልጁ በእርግጥ መመላለስ አለበት ወይ? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማር ተማሪ በወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት መኝታና ምግብ ያገኛል። እንዲህ ያለው ልጅ ሞተር ሲጠይቅ የሚጠይቀው የትምህርት መሣሪያ ሳይሆን የጎረምሳ ጌጥ ነው ብል አንዳንድ ወጣቶች ይቀየሙኝ ይሆናል። የመመላለስ ችግር ያለባቸው በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ክፍለ ጊዜ የሚማሩት፣ በግል ኮሌጅ ያሉት፣ እንዲሁም ማደሪያ የማይሰጥ ማሠልጠኛ የገቡት ናቸው። ለእነዚህ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ለእነዚህም ቢሆን መንገዱን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ከአሰቦት እስከ ሚኤሶ ያለው ቆላና ሜዳ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል። በዚያው አስፋልት ላይ ከባድ የጭነት መኪናዎች ይመላለሳሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐረርጌ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የጫት መኪናዎች አሉ። ጫት ጊዜ ካለፈበት ዋጋ ስለሚያጣ ሾፌሩ ከደቂቃ ጋር ይሽቀዳደማል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በሁለት ጎማ፣ ጠዋት በጉም፣ ማታ በጨለማ፣ በየቀኑ ይውጣና ይውረድ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳመለከተው ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ክልል የሚገኙ ሰዎችን ከማናቸውም በሽታ ይበልጥ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ኮሌጅ የሚገባ ልጅ በዚሁ ዕድሜ መካከል ያለ ነው።

ስለዚህ የአሰቦቷን እናት የመከርኋቸው፣ ልጃቸው በዋናው መንገድ በሚኒባስ እንዲሄድ፣ የሚቻል ከሆነም ከሁለትና ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ጭሮ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ እንዲመጣ ነው። ተማሪዎች በርከት ካሉም ወላጆች ተነጋግረው አንድ ሚኒባስ በወር ኮንትራት ሊይዙ ይችላሉ። እርሳስና ወረቀት ይዘው ያስሉት። በአንድ በኩል የወሩን የመሳፈሪያ ወይም የኪራይ ገንዘብ ይጻፉ፤ በሌላው በኩል ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ የዓመት ምርመራውንና መድኑን ደምረው ለአሥራ ሁለት ያካፍሉ። ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ወደ ሚኒባሱ ያዘነብላል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በመጀመሩ ነዳጅ ጨምሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወዷል። ዛሬ ሞተር መግዛት አንድ ወጪ ነው፤ ሞተር ማኖር ሌላ ወጪ ነው።

እንግዲህ ሞተር የሚያስፈልገው ለማን ነው? በከተማው ዳርቻ ወይም ሚኒባስ በማይገባበት ቀበሌ ለሚኖር፣ ከቤቱ እስከ ኮሌጁ ያለው መንገድ አጭርና የመኪና ብዛት የሌለበት ለሆነ ተማሪ ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ሥራ ላለውም፣ ለምሳሌ ገጠር ትምህርት ቤት እያስተማረ ቅዳሜና እሑድ ለሚማር መምህር፣ ሞተር እግሩ ነው። መንገዱ ሜዳ ለሆነለት ደግሞ ቢስክሌት አይናቅ። የድሬዳዋ ሰው ስንት ዘመን በቢስክሌት ሠርቶበታል! አሰቦት ውስጥም ያገለግላል። የጭሮ ዳገት ግን ለቢስክሌት አይመችም።

አሁን ወደ መምረጡ እንምጣ። ብዙ ሰው ሞተር ሲገዛ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» እና «ስንት ይሮጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን እናቶች ከሁሉ አስቀድመው «ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?» ብለው እንዲጠይቁ እመክራለሁ። ለዚህ ከሩቅ ሳንሄድ ሐረርን መመልከት ይበቃል። በዚያች ከተማ ፔጆ 404 ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት አገልግሏል። የፈረንሳዩ ፋብሪካ ይህን መኪና በአገሩ መሥራቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ታዲያ እንዴት ያን ያህል ጊዜ ኖረ? ብረቱ ጠንካራ መሆኑ አይካድም፤ ይበልጡን ያኖረው ግን የሐረር መካኒክ ሞተሩን በጨለማ ፈትቶ የሚገጥም መሆኑና የአንዱ አሮጌ ፔጆ ዕቃ ለሌላው መድኃኒት ሆኖ መቆየቱ ነው። ቮልስ ዋገንም በአገራችን የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነበር። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1958 መሠራት የጀመረችው ትንሿ የሆንዳ ካብ ሞተር ሳይክልም እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ፈጣን ስለ ሆነች አይደለም፤ ቀላል፣ ቤንዚን ቆጣቢና ማንም የሚጠግናት ስለ ነበረች ነው።

ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ልጅዎ በሚማርበት ከተማ ወዳሉ መካኒኮች ሄደው፣ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች «እዚህ በብዛት የምትሠሩት የትኛውን ሞተር ነው? ዕቃውስ ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ዕቃው ከአዲስ አበባ ታዝዞ ነው» ከሆነ፣ ሞተሩ ምን ቢያምር ይተዉት። ካንዴላ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ ከዚያው ከከተማው ሱቅ መገኘት አለባቸው። የህንድ ሥራ የሆኑት 100 እና 125 ሲሲ ሞተሮች በዚህ በኩል ይመረጣሉ፤ መለዋወጫቸው በየከተማው አለ፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ልጅዎ 200 ሲሲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ቢል አይስሙት። ጉልበቱ በበዛ ቁጥር ቤንዚኑም ፍጥነቱም ይበዛል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ጨረታ የሚሸጡ አሮጌ የገጠር ሞተሮችም አልፎ አልፎ ይገኛሉ፤ ጠንካሮች ናቸው። ሆኖም አንዳንዶቹ ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉ በመሆናቸው ወጪያቸው ከፍ ይላል።

ያገለገለ ሞተር የሚገዙ ከሆነ ሻጩን ሳያስጠነቅቁ በማለዳ ይሂዱ። ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ጠጋ ብለው ይሞክሩት፤ ሞቆ ካገኙት ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ በብርድ አልነሣ የሚል ሞተር የሚሸሸገው እንዲህ ነው። ከዚያ ያስነሡትና ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ካለማቋረጥ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል። የመጀመሪያው ሞተር ማስከፈት የሚጠይቅ ትልቅ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በጥቂት ብር ይስተካከላል። ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ ይዩት፤ ጥርሱ እንደ መርፌ ከሾለ አርጅቷል። ከኋላ ቆመው ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መሥመር መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ጠመም ካለ ወድቆ ያውቃል። መሪው ሥር አዲስ ብየዳ ካለ ደግሞ ያኔውኑ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። የሄደበትን ኪሎ ሜትር የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑት፤ ቁጥር ይመለሳል። መካኒክ ይዘው መሄድዎን አይርሱ፤ ነገር ግን መካኒኩ ሻጩ ያመጣው አይሁን። ለመካኒኩ የሚከፍሉት ጥቂት ብር ከሚያድንዎት ጋር አይወዳደርም።

ከብረቱ ይልቅ ብዙ እናቶችን ያስለቀሰው ግን ወረቀቱ ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ቀረጥ ሳይከፈልበት በድንበር የገባ ዕቃ እንደሚዘዋወር ማንም ያውቃል። ሞተርም አለበት። ዋጋው ከገበያው በእጅጉ ያነሰ፣ ሻጩም «ሊብሬው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» የሚል ሞተር ሲያጋጥምዎት እርካሽነቱ አያታልልዎት። ሊብሬው በማይመጣበት ጊዜ ሞተሩ በኬላ ይያዛል፤ ተይዞም ይወረሳል፤ ዕቁቡ ግን እየተከፈለ ይቀጥላል። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ይተዉት። የዓመቱ ምርመራ፣ ማለት ቦሎው፣ ያልተቋረጠ መሆኑን፣ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለበትም መዝግቦ ከያዘው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ውሉን በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ በሁለት ምስክር አይጨርሱት፤ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ተዋውለው ስሙን ወዲያውኑ ያዛውሩ።

ስሙ በማን ይሁን የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ እናቶች ለጥንቃቄ ብለው በራሳቸው ስም ያደርጉታል። ይህ ልጁ እንዳይሸጠው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሌላ ሸክም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው እንኳ ቢሆን። ስለዚህ ልጅዎ ለጓደኛው አውሶት ጓደኛው ሰው ቢገጭ፣ ተጠያቂነቱ መጥቶ እርስዎን ሊያንኳኳ ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ የተደረገው ለዚሁ ነው። ይህ መድን ግን የተጎዳውን ሌላ ሰው የሚመለከት እንጂ የእርስዎን የተሰበረ ሞተር የሚያሠራ አይደለም። የመንጃ ፈቃዱንም ነገር «በኋላ ያወጣል» ብለው አይለፉት። ለሞተር ሳይክል የሚሰጠው ፈቃድ ራሱን የቻለ ምድብ ነው፤ ልጁ ፈቃዱን እስኪያወጣ ቁልፉ በእርስዎ መቀነት ይቋጠር።

ለመኪና የሚበቃ ገንዘብ ያላችሁ ጥቂቶች ብትኖሩ፣ የትንሽ መኪና ነገር ዛሬ አስቸጋሪ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፣ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው አልወርድ ብሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን ወጪ ያሳርፋል፤ ሆኖም መብራት በየጊዜው በሚጠፋበትና ባትሪውን የሚያውቅ መካኒክ በሌለበት ከተማ ለተማሪ መግዛቱ ለእኔ ገና አይታየኝም። ሲበላሽ ማን ይሠራዋል የሚለው ጥያቄ እዚህም ይመለሳል።

ስለ ባጃጅ ደግሞ የምለው አለኝ። «ልጁም ይማርበት፣ ከትምህርት ውጪ ደግሞ ይሥራበት» በሚል አስተሳሰብ ባጃጅ የሚገዙ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሐሳቡ የቸገረው ሰው ሐሳብ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ የጨበጠ ወጣት የሦስት ዓመት ትምህርት ረጅም ሆኖ ይታየዋል። መጀመሪያ የከሰዓቱን ክፍል ይቀራል፤ ከዚያ የፈተናውን ሳምንት ይቀራል፤ በመጨረሻ ባጃጁ ይቀራል፤ ትምህርቱ የለም። ሰው እያፈናጠጠ በሚሠራ ሞተርም ያው ነው። ባጃጁ ለቤቱ ገቢ የሚያስፈልግ ከሆነ ለሌላ ሹፌር በቀን ገቢ ይሰጥና ከገቢው የልጁ የመሳፈሪያና የደብተር ይከፈል። በጭሮ ያነጋገርኋቸው አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ልጄ ቁልፉን እንዲነካ አልፈቅድም፤ የሚነካው ብሩን ነው፣ እሱንም በእኔ እጅ በኩል» ብለው ሲስቁ ነገሩኝ።

እኚሁ ሠራተኛ ሴት ልጃቸው የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ስትሆን፣ ጎረቤት ሁሉ «ሴት ልጅ ሞተር!» እያለ ቢደነቅም፣ ለእሷ ትንሽ ሞተር ለመግዛት እያጠራቀሙ ነው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ ልጅቱ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስ በእግር የምታቋርጠው ጨለማ ከሞተሩ ይልቅ ያስፈራቸዋል። እኔም በሐሳባቸው እስማማለሁ። ለወንድ ልጅ ሲሆን ተፈጥሮ፣ ለሴት ልጅ ሲሆን ነውር የሚሆን ጎማ የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ካለዎት ላይ ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ ለሞተሩ ይመድቡ። አንደኛው እጅ ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድን፣ ለመጀመሪያው የዘይትና የጎማ ለውጥ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለሄልሜት ይቀመጥ። ተገቢ ሄልሜት በራስ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ወደ 69 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ ወደ 42 በመቶ እንደሚቀንስ ተጠንቷል። ይህ የሚሆነው ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲቆለፍ ነው፤ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሄልሜት ክርንን ብቻ ያድናል። ወድቆ የተሰነጠቀ ሄልሜት በርካሽ ቢያገኙ አይግዙት።

ቤንዚን በተቻለ መጠን ከማደያ ይቀዳ። በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ላምባ የተደባለቀበት ሊሆን ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ቤንዚን የሚሄድ ሞተር ቶሎ ይታመማል። ካቴናውን ማጥበቅ፣ ካንዴላ ማውጣትና መጥረግ፣ የዘይት መጠን ማየት ልጁ ራሱ ይማር፤ መካኒኩ ዘንድ ግማሽ ቀን ቢውል ይበቃዋል። ሴት ልጅም ከሆነች እንዲሁ። ስትነዳ ነጠላዋና የቀሚሷ ጫፍ ወደ ካቴናውና ወደ ጎማው እንዳይገባ ከሥር ሱሪ ትልበስ፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ከሄልሜቱ ሥር ትሰረው። ታናሽ እኅቷን ከኋላ የምታፈናጥጥ ከሆነ ለታናሽዬዋም ሁለተኛ ሄልሜት ይገዛ።